«ሰው ሠራሽ ጡንቻ» ለአባቴ ይሆነዋል ወይ?



ባለፈው ሳምንት የማታ ዲዩቲ ነበርኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ታካሚ ጋብ ሲልልኝ ሻይዬን ይዤ ኢንቦክስ ከፈትኩ። አንዲት ተከታታያችን ረዥም መልእክት ልካልኛለች። እንድጽፈው ስለፈቀደችልኝ፣ ማንነቷን የሚያሳየውን ሁሉ ትቼ ፍሬ ነገሩን ላካፍላችሁ።

አባቷን ስትሮክ ከመታቸው 7 ወር ሆኗቸዋል። እግራቸው ተሽሏቸው በከዘራ ይራመዳሉ። ቀኝ እጃቸው ግን አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ጣቶቻቸው እንደታጠፉ ናቸው፣ የሚበሉትም በግራ እጃቸው ነው። ልጅ ሆዬ በስልኳ አንድ ቪዲዮ ታያለች። ውሃ ውስጥ የገባች ግራጫ ስስ ቁራጭ፣ ሁለት ሽቦ ተገናኝቶባት፣ ልክ እንደ ዓሣ ጭራ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ከላይ «ሳይንቲስቶች ሰው ሠራሽ ጡንቻ ሠሩ! ሽባነት ታሪክ ሆነ!» ተብሎ ተጽፏል። ጥያቄዋ ይኸው ነው፦ «ዶክተርዬ፣ መኪናችንን ብንሸጥ ውጭ ወስደን ልናስገጥምለት እንችላለን? እስከዚያ ፊዚዮቴራፒውን አቁመን ገንዘቡን ብናጠራቅም ይሻላል?»

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ «አትሽጡ፣ ፊዚዮቴራፒም እንዳታቆሙ» ብዬ በሁለት መስመር ልገላገላት ነበር። ቪዲዮውን ከፍቼ ሳየው ግን ነገሩ እንዲያ ቀላል አልነበረም። ቪዲዮው ውሸት አይደለም። ያቺ የምትወዛወዘው ቁራጭ ከ30 ዓመት በላይ የተጠናች እውነተኛ ነገር ናት። ውሸቱ ያለው ከላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ውሸት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብለን እናውራው።

ይቺ ቁራጭ ምንድን ናት?

ሙሉ ስሟ አዮኒክ ፖሊመር ሜታል ኮምፖዚት ነው፤ ሲያሳጥሩት አይፒኤምሲ ይሏታል። ስሙን ብትረሱት ፈተና ላይ አይመጣም።

መሃሏ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ናፊዮን የሚባል የፕላስቲክ ሉህ ነው። ናፊዮን የቴፍሎን የቅርብ ዘመድ ነው፤ አዎ፣ መጥበሻችን ላይ ያለው ቴፍሎን። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ዋልተር ግሮት የሚባል የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ነው የፈጠረው። ሲፈጠር ከጡንቻ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። እስከ ዛሬም ትልቁ ሥራው የጨው ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍለው ክሎሪንና ኮስቲክ ሶዳ በሚያመርቱ ፋብሪካዎች ውስጥ እንደ መጋረጃ መሃል ላይ መቆም ነው። በረኪና የሚሠራው ከነዚያው ከክሎሪንና ከኮስቲክ ሶዳ ነው። ይህን ስሰማ እኔም ገርሞኛል።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚጠቀሙበት የናፊዮን ሉህ ውፍረቱ 0.18 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት የፎቶኮፒ ወረቀት ደርባችሁ እንደምትይዙት አስቡት። ሉሁን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጉታል፣ በአሲድና በውሃ ቀቅለው ያጸዱታል፣ ከዚያ የፕላቲነም ጨው በሟሟበት ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። የፕላቲነሙ ጨው ውስጡ ድረስ ይገባል። ቀጥሎ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ የሚባል ኬሚካል ሲጨመርበት ያ ጨው ወደ ብረትነት ተመልሶ ሁለቱን የሉሁን ገጾች ይለብጣቸዋል። ግራጫ ሆና የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዴ ከላይ ወርቅ ይጨምሩበታል። ፕላቲነም ለእኛ ለሐኪሞች እንግዳ አይደለም። ሲስፕላቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ውስጥ አለ፣ የልብ ፔስሜከር ሽቦዎች ጫፍ ላይም አለ።

ይህቺ ስስ ነገር ኤሌክትሪክ ሲነካት እንደምትታጠፍ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ነው በይፋ የተጻፈው። ጃፓን ኦሳካ ውስጥ ኬይሱኬ ኦጉሮና ባልደረቦቹ፣ አሜሪካ ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ በዚያው ዓመት በየፊናቸው አወጡት። የአሜሪካኖቹ አንዱ ቡድን የጀመረው ከሌላው ጫፍ ነበር፤ እነሱ እንቅስቃሴን የምታውቅ ቁራጭ ነው የፈለጉት። እዚህ ላይ ነው የነገሩ ውበት። ያቺው አንዲት ቁራጭ ትንቀሳቀሳለች፣ መንቀሳቀስንም ታውቃለች።

እንዴት ትታጠፋለች?

ሚኒባስ ታክሲ በሐሳባችሁ ሳሉ። ወንበሮቹ በብሎን ታስረዋል፣ ንቅንቅ አይሉም። ተሳፋሪው ግን ይንቀሳቀሳል። ናፊዮን ውስጥም እንደዚሁ ነው። ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ክፍሎች ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቀው የቀሩ ናቸው፤ እነሱ ወንበሮቹ ናቸው። ተሳፋሪዎቹ ፖዘቲቭ አዮኖች ናቸው፤ ሶዲየም ወይም ሊቲየም ሊሆኑ ይችላሉ። እያንዳንዱ ተሳፋሪ ደግሞ ውሃ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥሏል።

አሁን በሁለቱ የፕላቲነም ገጾች መሃል ኤሌክትሪክ ስጡ። ብዙ አይፈልግም፤ ከ1 እስከ 3 ቮልት፣ ማለትም አንድ ወይም ሁለት የሪሞት ድንጋይ ይበቃል። ፖዘቲቭ ተሳፋሪዎች በሙሉ ከነጀሪካናቸው ወደ ኔጌቲቩ ጎን ይጎርፋሉ። ያ ጎን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ተቃራኒው ጎን ይሸበሸባል። አንዱ ጎኑ የተነፋ ሉህ ምን ምርጫ አለው? ወደ ሌላው ጎን፣ ወደ ፖዘቲቩ ማለት ነው፣ ይታጠፋል። ሽቦዎቹን ስትቀያይሩ ተሳፋሪው ተመልሶ ይሮጣል፣ ቁራጯም በተቃራኒው ትታጠፋለች። ቶሎ ቶሎ ስትቀያይሩ የዓሣ ጭራዋ መጣች።

ሶዲየም ወደ ሄደበት ውሃ ይከተላል። ግፊት ያለባቸውን ሰዎች «ጨው ቀንሱ» እያልን የምንጨቀጭቃቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የኩላሊትና የልብ ሕመምተኛ እግር የሚያብጥበት መንገድም ከዚሁ ቤት ነው። እኛ ዋርድ ውስጥ እንደ ጠላት የምናየውን ነገር መሐንዲሶቹ ሞተር አደረጉት።

ተቃራኒውስ? ታክሲው ድንገት ሲታጠፍ ተሳፋሪው አንድ ጎን ላይ ይከመራል አይደል? ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ከአጠገባችሁ ባለው ሰው መጫን ታክሲው መታጠፉን ታውቃላችሁ። ቁራጯን በጣታችሁ ስታጥፏትም እንዲሁ ነው። አዮኖቹ ውስጥ ለውስጥ ይንሸራተታሉ፣ በሁለቱ ገጾች መሃል ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ያንን ስታነብቡ «አሁን ታጠፈች፣ በዚህ በኩል» ትላላችሁ። ሴንሰር የሆነችው ያኔ ነው። የሚፈጠረው ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነው፤ ያንኑ ያህል እንድትታጠፍ ልንሰጣት ከሚያስፈልገው ቮልቴጅ መቶ እጥፍ ያህል ያንሳል። ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ኢሲጂ ስናነሳችሁ ደረታችሁ ላይ የምናገኘው የልብ ሲግናልም ወደ 1 ሚሊ ቮልት ነው፣ በእሱ ስንት ሰው እናክማለን።

ችግሯ ለውጥን እንጂ መቆየትን በደንብ አለማወቋ ነው። አጥፋችሁ ብታቆዩዋት ሲግናሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ትርታ ለመቁጠር ጎበዝ ናት፤ «ጣቱ ለአንድ ሰዓት ታጥፎ ቆይቷል» ለማለት ግን አትታመንም።

ጉልበቷ ስንት ነው?

ቪዲዮው ያልተናገረው ይህንን ነው። የናሳው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ውስጥ ዮሴፍ ባር-ኮኸን የሚባል ተመራማሪ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከነዚህ ቁራጮች አራት ጣት ያለው ትንሽ መያዣ ሠርቶ ነበር። ደስ ይላል፣ እንደ እጅ ይከፈታል ይዘጋል። ያነሳው ድንጋይ ግን 10 ግራም ገደማ ነው። ባዶ የቡና ሲኒ እንኳን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። «ወፈር አድርገው አይሠሯትም?» ብትሉ፣ ስትወፍር ጉልበቷ ይጨምራል፣ መታጠፏ ግን ይቀንሳል። አንዱን ስትይዝ አንዱ ያመልጣል።

ይኸው ሰው በ1999 ለዓለም ተመራማሪዎች አንድ ፉክክር አወጀ፦ በኤሌክትሪክ ከሚንቀሳቀስ ፕላስቲክ እጅ ሠርታችሁ ሰውን በእጅ ትግል አሸንፉ። መጋቢት 2005 (እ.ኤ.አ.) ሳን ዲዬጎ ውስጥ ከተለያየ የፕላስቲክ ጡንቻ ዓይነት የተሠሩ ሦስት እጆች ቀረቡ። ተቃዋሚያቸው የ17 ዓመት ተማሪ ልጅ ነበረች። ሦስቱንም ጣለቻቸው። ረዥሙን የቆየው 26 ሰከንድ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። የእኛ ጡንቻ ሲሠራ ያጥራል፣ አጥንትን ይጎትታል። ይህቺ ቁራጭ አታጥርም፣ ትታጠፋለች እንጂ። «ጡንቻ» የሚለው ስም የተሰጣት ስለምትለሰልስና ድምፅ ስለሌላት ነው፤ ክንድ ውስጥ ገብታ ባይሴፕስን ትተካለች ማለት አይደለም።

ውሃም ትፈልጋለች። አየር ላይ ስትቆይ ትደርቃለች፣ ስትደርቅ ተሳፋሪው መንቀሳቀሻ ያጣል። ከ1.23 ቮልት በላይ ሲሰጣት ደግሞ ውስጧ ያለው ውሃ ወደ ጋዝ መሰባበር ይጀምራል። ለዚህ መላ ተብሎ በውሃ ፈንታ የማይተን የጨው ፈሳሽ ያስገቡባታል፤ አትደርቅም፣ ግን ትዘገያለች። ኤሌክትሪኩን ሳታቋርጡ ከያዛችሁት ደግሞ ታጥፋ አትቆይም። ውሃው ቀስ ብሎ ወደመጣበት ሲመለስ እሷም ትለቃለች። አስቡት፣ ብርጭቆ ይዞ መሃል ላይ የሚለቅ እጅ!

ናሳም ከእሷ ጋር ሞክሯል። በጃፓን መንኮራኩር ተጭኖ ወደ አንድ አስትሮይድ ሊሄድ ለነበረ ትንሽ ሮቨር፣ የካሜራውን መስታወት ከአቧራ እንድትጠርግ አስበዋት ነበር፤ እንደ መኪና ዝናብ መጥረጊያ። ሮቨሩ በ2000 ተሰረዘ፣ መንኮራኩሯ ሀያቡሳ ተብላ በ2003 ያለ እሱ ሄደች። ሻጭ አግኝታ ቀድማ የወጣችው በጃፓን መጫወቻ ሆና ነው፤ ኢያሜክስ የሚባል ኩባንያ ባትሪ ሳይኖረው ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ የፕላስቲክ ዓሣ ሠራባት። ዓሣው ያምራል። ጉልበት የማይፈልግ፣ ውሃ ውስጥ የሚውል ሥራ ሲገኝላት እንዲህ ታበራለች።

ሕክምና ውስጥስ?

ቦታዋን ለማየት «ትንሽ ጉልበት፣ ብዙ ውሃ፣ ጠባብ መንገድ» ያለበትን የሰውነት ክፍል አስቡ። የደም ሥር! ደም ሥር ውስጥ በካቴተር የሚደረግ ሕክምና ሰምታችኋል፤ ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት ገብቶ ልብ ወይም አንጎል ድረስ ይደርሳል። ከፊት የሚመራው ጋይድ ዋየር የሚባል ቀጭን ሽቦ ነው። መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ ሐኪሙ ከውጭ እያጠማዘዘ ነው የሚያስገባው፤ እጀ ጥበብ ይፈልጋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሹዢያንግ ጉዎ፣ ቶሺዮ ፉኩዳና ራሱ ኦጉሮ ያሉበት የጃፓን ቡድን የጋይድ ዋየሩን ጫፍ ከዚህች ቁራጭ ሠራ። ትንሽ ቮልት ሲሰጠው ጫፉ ራሱ ወደ ተፈለገው ቅርንጫፍ ይታጠፋል። ሞተር የለ፣ ጥርስ ያለው ማርሽ የለ። በዚያ ላይ ያቺው ቁራጭ ግድግዳ ስትነካ ልታሳውቅ ትችላለች።

ይህን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ግን ከዚያ ወዲህ ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ አልፏል፣ ካትላብ ስትገቡ የምታገኙት አሁንም በእጅ የሚጠማዘዘውን ሽቦ ነው። ለምን? አንዱ ምክንያት ደማችን ራሱ ነው። ደም ውስጥ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም ሞልቷል። ቁራጯ ሳትሸፈን ከገባች የራሷ ተሳፋሪዎች እየወረዱ የደሙ ይሳፈሩባታል፣ ጠባይዋም ይቀየራል። ባዕድ ነገር ላይ ደም ይረጋል። ያልተሸፈነ ኤሌክትሪክም ደም ሥር ውስጥ አይፈለግም። ስለዚህ ትሸፈን፤ ስትሸፈን ደግሞ ትደድራለች፣ ያቺው ትንሽ ጉልበቷ ትበላለች። ላቦራቶሪ ውስጥ ሉሁ በየጊዜው ሲሠራ አንዱ ከሌላው ትንሽ መለያየቱ ሌላው ራስ ምታት ነው። ለሰው አካል የሚገባ ዕቃ ሺህ ጊዜ ቢሠራ ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ልብን ከውጭ አቅፎ የሚጨምቅ መሣሪያ ከእሷ እንሥራ ያሉም አሉ። ከላይ ያልናትን 10 ግራም ሳስብ፣ እኔ በግሌ ያንን ቶሎ አልጠብቅም። ሴንሰርነቷ ግን ይቀርበኛል። አንጓ ላይ ተለጥፋ ትርታ የምታዳምጥ፣ ጓንት ላይ ሆና የጣትን መታጠፍ የምትቆጥር፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ጫፍ ላይ ሆና «ነካሁ» የምትል። እነዚህ ጉልበት አይጠይቁም፣ የሚጠይቁት ስሜት ነው። ተመራማሪዎችም እየሠሩባቸው ነው። ሆስፒታል ሄዳችሁ «ይህን አድርጉልኝ» የምትሉት ነገር ግን ገና አይደለም፤ እዚህም፣ ውጭም።

ወደ አባትየው እንመለስ

ለልጅቷ የመለስኩላት ይህን ነው። ቁራጯ ነገ ጠዋት እንደ ክሬን ጠንካራ ብትሆን እንኳን፣ የአባትሽ ችግር እሱ አይደለም። የአባትሽ ጡንቻ አልጠፋም። አምፖሉ ደህና ነው፣ የተቋረጠው መስመሩ ነው። ስትሮክ የመታው ክንዱን ሳይሆን ለክንዱ ትእዛዝ የሚሰጠውን የአንጎል ክፍል ነው። አምፖል መቀየር መስመር አይጠግንም።

መስመሩን በተወሰነ ደረጃ የሚጠግነው፣ ወይም ሌላ መንገድ የሚያስገኘው፣ ያ አሰልቺው ፊዚዮቴራፒ ነው። አንጎል በድግግሞሽ አዲስ መንገድ ያበጃል። ትልቁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ነው፣ እውነት ነው። «ከ6 ወር በኋላ ግን ተስፋ የለውም» የሚባለው ስህተት ነው፤ ቀስ ብሎም ቢሆን ይሻሻላል፣ ከተሠራበት። ካልተሠራበት ግን ጡንቻው ይከሳል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ጣቶቹ እንደታጠፉ ይቀራሉ። ያኔ ከዓመታት በኋላ እውነተኛ መሣሪያ ቢመጣ እንኳን የሚገጥምበት እጅ አይኖርም። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒን አቁሞ ለመሣሪያ ማጠራቀም ማለት የሚያስጠግኑትን ቤት አፍርሶ ጣሪያ መግዛት ነው።

ኤሌክትሪክ ለስትሮክ እጅ ምንም አይሠራም እያልኩም አይደለም። በቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የሰውየውን የራሱን ጡንቻ ቀስቅሶ ማንቀሳቀስ የታወቀ ሕክምና ነው። ፊዚዮቴራፒስቱን «ኤሌክትሪካል ስቲሙሌሽን ይጠቅመው ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ፔስሜከር ካለ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሁለት ነገር ደግሞ ጨመርኩላት፣ ምክንያቱም በየቀኑ ስለማየው። ሲያነሷቸው የደከመውን ክንድ አይጎትቱ፤ ትከሻው ይወልቃል፣ ይታመማል፣ ከዚያ ፊዚዮቴራፒውን ራሳቸው ይጠሉታል። ሁለተኛ፣ የግፊት መድኃኒታቸው ለአንድ ቀንም እንዳይቋረጥ። መኪና ተሽጦ የሚታከመው እጅ ሌላ ስትሮክ ከመጣ አብሮ ይሄዳል።

ጠዋት ከዲዩቲ ስወጣ መለሰችልኝ። «እሺ ዶክተርዬ፣ መኪናው ይቀመጥ። አባዬ ግን ቪዲዮውን በጣም ወዶታል፣ ማታ ማታ ይከፍተዋል፣ ልደብቀው?» ብላለች። አትደብቂው አልኳት። ዓሣዋ በተወዛወዘች ቁጥር እሳቸውም አብረዋት ጣታቸውን ለመዘርጋት ይሞክሩ፤ ካልቻሉ በግራ እጃቸው እያገዙ፣ 20 ጊዜ።

ለስትሮክ እጅ ቤት ውስጥ የሚሠሩ እንቅስቃሴዎችን ከአንድ ፊዚዮቴራፒስት ጓደኛዬ ጋር ቀርጸን ሰኞ ማታ እንለቃለን። እንዲካተት የምትፈልጉት ካለ ስም ሳትጠቅሱ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። «ተአምር» የሚል ቪዲዮ ሲደርሳችሁም ሊንኩን እዚሁ አስቀምጡት፣ አብረን እናየዋለን።